ኢሲጂው «ደህና ነው» እየተባለ የደረሰብኝ የልብ ሕመም

ደረታቸውን አሟቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው፣ የልብ ኢሲጂ ተነሥተው፣ «ደህና ነው» ተብለው የተመለሱ፣ ሕመሙ ግን እየሄደ እየመጣ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ይህን ጽሑፍ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። እኔ ጠዋትም ማታም የተነሣሁት ኢሲጂ ደህና ተብሎ፣ በዚያው ሌሊት ግን ለልቤ ደም ከሚያደርሱት ዋና ዋና ሥሮች አንዱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ የተገኘብኝ ሴት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው የደረሰብኝን፣ እንዲሁም ከዚያ ወዲህ የሚከታተሉኝን የልብ ሐኪም ደጋግሜ በመጠየቅና በማንበብ የተረዳሁትን ነው።

ዕድሜዬ ከሃምሳ ዓመት አልፏል። የስኳር ሕመምና የደም ግፊት መድኃኒት ስወስድ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አባቴም ሳያረጁ ያረፉት በልብ ሕመም ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኢሲጂ ለብቻው የሚነበብ ወረቀት እንዳልሆነና ከሕመምተኛው ዕድሜ፣ ከኖረበት ሕመምና ከቤተሰቡ ታሪክ ጋር አብሮ መመዘን እንዳለበት ለማስረዳት ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ጠዋት ደረጃ ስወጣ ነበር። ብዙ ሰው የልብ ሕመም ሲባል ደረትን አስይዞ የሚጥል ውጋት ይመስለዋል፤ የእኔ ግን ውጋት አልነበረም። ደረቴን መካከሉ ላይ ተጫነኝ፤ ጫናው በሁለቱ የትከሻ አጥንቶቼ መካከል ወደ ጀርባዬ ዘለቀ፤ ታችኛው መንጋጋዬ ከበደኝ፤ አቅለሸለሸኝ፤ ቀዝቃዛ ላብም አጠመቀኝ። ቁጭ ስል ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። በአቅራቢያዬ ወዳለ ክሊኒክ ደርሼ ኢሲጂ የተነሣሁት ሕመሙ ጨርሶ ከለቀቀኝ በኋላ ነው። ወረቀቱ ታየና «የልብ ችግር የለብዎትም፤ ጨጓራ ይመስላል» ተባልሁ፤ የጨጓራ መድኃኒትም ተጻፈልኝ። የደም ምርመራ አልታዘዘልኝም፤ ከዚህ በፊት የተነሣሁት ኢሲጂ ይኖር እንደሆነም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ኢሲጂ ምን እንደሚያይ ማወቅ ይጠቅማል። መሣሪያው የልብን ሥዕል አያነሣም፤ ሥሮቿ መጥበብ አለመጥበባቸውንም አያይም። የሚመዘግበው ልብ በመታች ቁጥር በጡንቻዋ ውስጥ የሚያልፈውን እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በእጅና በእግር ላይ አራት፣ በደረት ላይ ስድስት፣ በድምሩ 10 የሚለጠፉ ነገሮች ይደረጋሉ፤ ከእነዚህም መሣሪያው 12 አቅጣጫዎችን አስልቶ ያትማል። በዘዴው ላይ ኔዘርላንዳዊው ቪለም አይንትሆፈን ባለፈው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሠርተውበት እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ዛሬም ከድንገተኛ ክፍል የማይጠፋው ፈጣንና የማያሳምም በመሆኑ ነው። ሆኖም የተለመደው ወረቀት የሚይዘው የ10 ሰከንድ ያህል የልብ ምት ብቻ ነው። እነዚያ ሰከንዶች ያለፉት ሥሩ ክፍት በነበረበት ሰዓት ከሆነ፣ ወረቀቱ የሚናገረው ስለዚያች ቅጽበት እንጂ ከአንድ ሰዓት በፊት ስለሆነው ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለሚሆነው አይደለም።

የልብ ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ ተዘግቶ አይቀርም። በሥሩ ግድግዳ ላይ የተጠራቀመው ስብ ሲሰነጠቅ በላዩ ላይ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ሥሩን ይዘጋዋል፣ በከፊል ይሟሟል፣ መልሶ ይዘጋዋል። ሕመሙ የሚሄደውና የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከቁጥር የማይገባ የሚመስል ነገር ግን ብዙ ሰው ያላሰበው ጉዳይ ይህ ነው፦ ሕመሙ ሲለቅ የተነሣ ደህና ኢሲጂ፣ ሕመሙ እያለ ከተነሣው ጋር እኩል ዋጋ የለውም። የባሰው ደግሞ፣ በኢሲጂው መስመር ላይ ቲ የምትባለው ጉብታ ቀድሞ ተገልብጣ የነበረች እንደሆነ፣ ሥሩ እንደገና ሲዘጋ ቀና ልትልና ወረቀቱ «የተስተካከለ» ሊመስል ይችላል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ የቀድሞውን ወረቀት አጠገቡ አድርጎ የሚያነብ ሐኪም ነው።

ማታ ላይ ሕመሙ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ቁጭ ብልም አልለቀቀኝም። ልጄ ይዛኝ ወደ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄድን። «ደረቴን ተጭኖኛል፤ ያልበኛል» ስላልሁ ተራ ሳልጠብቅ ወዲያው አስገቡኝና ኢሲጂ ተነሣሁ፤ የደረት ሕመም ይዞ ለመጣ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ተነሥቶ በሐኪም መታየት እንዳለበት የልብ ሕክምና መመሪያዎች ያዝዛሉ። መሣሪያው ራሱ በወረቀቱ አናት ላይ የሚያትመው ፍርድ ጤነኛ ነው የሚል ነበር። ልጄ እሱን አንብባ «ተመስገን፣ እማዬ፣ ምንም የለብሽም» አለችኝ። ያ አናት ላይ የሚታተመው ጽሑፍ የኮምፒውተር ግምት ነው፤ ሐኪም እስኪያየውና እስኪያጸድቀው ድረስ እንደ ውጤት ሊቆጠር አይገባም። ብዙ አስታማሚ ግን መጀመሪያ የሚያነበውም የሚጽናናበትም እሱን ነው።

ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። ጠዋት የተነሣሁትን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው በእርሳስ ጫፍ እየተከተሉ አነበቡ። ልዩነት አላገኙበትም። ከዚያ «አሁን ያምዎታል?» አሉኝ። አዎን አልሁ። «ስንት ሰዓት ሆነው? ወደ የት ይሄዳል? ስኳር አለብዎት? ከቤተሰብ የልብ ሕመም ያለበት አለ?» እያሉ ጠየቁኝ፤ ሕመሙ ወደ ጀርባዬ ስለሚዘልቅም በሁለቱም ክንዶቼ የደም ግፊቴን ለኩ፤ ይህም ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ሥር ተሰንጥቆ እንዳይሆን ሲጠራጠሩ የሚያደርጉት እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ። በመጨረሻም «ወረቀቱ ደህና ነው፤ የሚነግሩኝ ግን የልብ ነገር ስለሚመስል አለቅዎትም» አሉ። እስከ ዛሬ ለእሳቸው ያለኝ ምስጋና በዚህ ዓረፍተ ነገር የተነሣ ነው።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቅ ይመስለኛል፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ሲስተሯን ጠርተው «ከኋላም አንሺልኝ» አሏት። ከደረት ላይ የሚለጠፉት ስድስቱ ሁሉ የሚቀመጡት ከፊትና በግራ ጎን ነው፤ በጀርባ በኩል ምንም የለም። ስለዚህ የልብ የኋላ ግድግዳ ቢጎዳ የተለመደው ኢሲጂ በቀጥታ የሚያይበት መንገድ የለውም፤ የቤትን ፊት ብቻ አይቶ ጓሮው አልተቃጠለም ብሎ እንደ መመስከር ነው። ብዙ ጊዜ የኋላ ግድግዳ ሲጎዳ ከፊት ባሉት መስመሮች ላይ የመስመር ወደ ታች መውረድ ይታያል፤ በእኔ ወረቀት ላይ ግን ያም ቢሆን አልታየም። በተለይ ሰርከምፍሌክስ የሚባለውና የልብን የግራ ጎንና ጀርባ የሚመግበው ሥር ሲዘጋ በተለመደው ኢሲጂ መለየቱ ከሌሎቹ ዋና ሥሮች ሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው።

ሲስተሯ ወደ ቀኝ ጎኔ አዞረችኝ። ላቤ አላስይዝ ስላላት ቆዳዬን በጨርቅ አድርቃ፣ ከፊት ከተለጠፉት ሦስቱን ነቅላ፣ አንዱን ከብብቴ ኋላ፣ ሌላውን ከትከሻ አጥንቴ ጫፍ ሥር፣ ሦስተኛውን ከአከርካሪዬ አጠገብ፣ ሁሉንም በአንድ አግድም መስመር ለጠፈችልኝ። መሣሪያው ቦታው እንደተቀየረ ስለማያውቅ የቀድሞ ቦታቸውን ስም ቪ4፣ ቪ5፣ ቪ6 ብሎ አተመ፤ እሷ ግን በእስክሪብቶ ሰርዛ ቪ7፣ ቪ8፣ ቪ9 ብላ ጻፈችበት። ይህ መጻፍ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ያላወቀ ሌላ ሐኪም ወረቀቱን ቢያነሣው የደረት ፊት መስሎት ይሳሳታል። ከጀርባ በኩል የኢሲጂው መስመር ኤስቲ የሚባለው ክፍል ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ፣ ከፍ ብሎ ነበር። በጀርባ መስመሮች ላይ ግማሽ ሚሊሜትር፣ ማለትም የወረቀቱ የአንዲት ትንሽ ካሬ እኩሌታ፣ ለመጠራጠር በቂ ነው፤ ከፊት ግን ከዚያ የበለጠ ይፈለጋል።

የጀርባው ወረቀት ጥርጣሬውን አጠናከረው እንጂ ነገሩን አልጨረሰውም። አስፕሪን አኝኬ እንድውጥ ተሰጠኝ፣ ከልብ መከታተያ ማሽን ጋር ተያያዝሁ፣ ለትሮፖኒን የሚሆን ደምም ተወሰደ። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ፕሮቲን ነው፤ በደም ውስጥ መጠኑ እስኪጨምር ግን ሰዓታት ያስፈልጉታል። ጉዳቱ እንደጀመረ የተወሰደ ደም ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ከፍ ካለ በኋላ ደግሞ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ደህና ትሮፖኒንም እንደ አንድ ደህና ኢሲጂ ብቻውን ሰውን ነጻ አያወጣም፤ በተለይ ሕመሙ ከጀመረ ገና አጭር ጊዜ ከሆነ። እጅግ ጥቃቅን መጠን የሚለዩ አዳዲስ መሣሪያዎች ባሉበት ምርመራው ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል፤ ቀድሞ በነበሩት መሣሪያዎች ግን እስከ 6 ሰዓት መጠበቅ ይኖራል። ሐኪሞች የሚፈልጉት የቁጥሩን ከፍታ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ መካከል መጨመሩን ወይም መቀነሱን ነው። መደበኛው ወሰን ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይም የአንዱን ላቦራቶሪ ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

የመጀመሪያው ውጤቴ ከወሰኑ በታች ሆነ። ያን ጊዜ ልጄ በድካምም በጭንቀትም «እንሂድ እንዴ?» አለች፤ ጠዋት ጨጓራ ተብዬ ስለነበር እኔም ልቤ ወደዚያው ዘምሞ ነበር። ሐኪሙ ግን ኢሲጂውን በየ15ና በየ30 ደቂቃው እያስነሡ፣ ወረቀቶቹን በሰዓታቸው ቅደም ተከተል አልጋዬ ራስጌ ደረደሯቸው። ሕመሙ ሲብስብኝ ጊዜውን ሳይጠብቁ ወዲያው እንዲነሣ አደረጉ። ከሁለተኛው የደም ምርመራ ቀድሞ ከወረቀቶቹ አንዱ በጎን በኩል ባሉት መስመሮች ላይ ለውጥ አሳየ፤ ከዚያም ሁለተኛው ትሮፖኒን ከወሰኑ ብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ ማንም «ጨጓራ» አላለም።

በዚያው ሌሊት ወደ ካቴተር ክፍል ተወሰድሁ። በእጄ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ እስከ ልቤ ሥሮች ሲደርስ፣ ቀለም ሲረጭና ሥሮቹ በስክሪን ላይ ሲታዩ ነቅቼ ነበር። ሁለቱ ሥሮች እስከ ጫፋቸው ጠቆሩ፤ ሰርከምፍሌክሱ ግን መንገድ ላይ ቆመ። በፊኛ ተከፈተና ስቴንት፣ ማለትም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የመረብ ቱቦ፣ ተደረገልኝ። የጀርባዬ ጫና ፊኛው ከተነፋ ብዙም ሳይቆይ እየቀለለ ሄደ፤ ይህን ያህል ፈጥኖ ይለቀኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

የልብ ሐኪሜ ካስረዱኝ ሁሉ እጅግ ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ። ድንገተኛ የልብ ሕመም በኢሲጂ መሠረት በሁለት ይከፈላል፦ ኤስቲ ከፍ ያለበትና ከፍ ያላለበት። የመጀመሪያው ያለበት ሰው ወዲያው ወደ ካቴተር ክፍል ይሮጣል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ረግቶ በማግስቱ ወይም ከዚያም በኋላ ይታያል። ችግሩ ሁለተኛው ውስጥ ከተመደቡት ሰዎች ወደ ሩብ የሚጠጉት አንጂዮግራም (ለእኔ እንደተደረገው ቀለም ተረጭቶ ሥሮቹ የሚታዩበት ምርመራ) ሲነሡ ሥራቸው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ መገኘቱ ነው። እነዚህ ሰዎች ጡንቻቸው እየሞተ ወረቀታቸው ስላልጮኸ ብቻ ይጠብቃሉ። ስለዚህ መመሪያዎቹ ራሳቸው፣ መድኃኒት እየተሰጠውም ሕመሙ ያልለቀቀው፣ የልብ ምቱ የተዛባ ወይም ግፊቱ የወረደ ሰው ኢሲጂው ምንም ይበል ምን በአስቸኳይ አንጂዮግራም እንዲነሣ ይላሉ። «ሕመሜ አሁንም አለ» ማለት ማጉረምረም ሳይሆን ለሐኪሙ የሚጠቅም መረጃ ነው፤ ሰው እንዳላስቸግር ብሎ ዝም ማለት እዚህ ቦታ ላይ ይጎዳል።

ሌላው የምለምናችሁ ነገር ሕመሙን ስትናገሩ ሰዓቱን ለይታችሁ እንድትናገሩ ነው። መቼ ጀመረ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ስትሠሩ ነው ወይስ አርፋችሁ፣ ኢሲጂ ስትነሡ ሕመሙ ነበር ወይስ ለቋል፤ እነዚህን አስታማሚያችሁ በስልኩ ላይ ቢጽፍ ጥሩ ነው። ሐኪሙ «ደህና ነው» ሲላችሁ ደግሞ በትሕትና «ትሮፖኒን ይደገምልኛል ወይ? ሕመሙ ሲመጣ ኢሲጂው እንደገና ይነሣልኝ ወይ? ከጀርባ በኩልስ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ባየሁት፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያስቀይመው ሐኪም ጥቂት ነው።

ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው። በእነዚህ ሰዎች ላይ የልብ ሕመም የደረት ሕመም ሳይኖረው በትንፋሽ ማጠር፣ ምክንያቱ በማይታወቅ ድካም፣ በማቅለሽለሽ፣ በላብ፣ ወይም ከእምብርት በላይ በሚሰማ ጫና ብቻ ሊመጣ ይችላል። የስኳር ሕመም ስሜት የሚያስተላልፉ ነርቮችን ስለሚጎዳ ሕመሙ ሊደበዝዝ ይችላል። የጨጓራ መድኃኒት ወስደው ቀለል ቢላቸውም ያ የልብን ሕመም አይሽርም፤ ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን የተባለ የልብ መድኃኒት ማስታገሱም በተቃራኒው የልብ ሕመም መሆኑን አያረጋግጥም።

ቤት ውስጥ ሳላችሁ እንዲህ ያለ ጫና ከጥቂት ደቂቃ በላይ ካልለቀቃችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ራሳችሁ መኪና እየነዳችሁ አትሂዱ። አስፕሪን አለርጂ የማይሆንባችሁና የመድማት ችግር የሌለባችሁ ከሆናችሁ፣ በስልክ የሚያነጋግራችሁ የሕክምና ባለሙያ ሲፈቅድ ከ160 እስከ 325 ሚሊግራም ማኘክ ይረዳል። ሕመሙ ግን በአንድ ቅጽበት የሚቀድና የሚሰነጥቅ ሆኖ ወደ ጀርባ ከወረደ፣ የትልቁ ሥር መሰንጠቅ ሊሆን ስለሚችል በራሳችሁ አስፕሪን አትውሰዱ።

ይህን ሁሉ ስል ማንንም ማስፈራራት አልፈልግም። ደረቱን አሞት ኢሲጂው ደህና ከሆነለት ሰው አብዛኛው የልብ ድንገተኛ ሕመም የለበትም፤ የጡንቻ፣ የጨጓራ ወይም የጭንቀት ሕመም ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው። ሐኪሞችም ማንን አስቀርተው ማንን እንደሚያሰናብቱ የሚለዩበት መንገድ አላቸው፤ ከእነዚህ አንዱ የሕመሙን ታሪክ፣ ኢሲጂውን፣ ዕድሜን፣ የተጋላጭነት ምክንያቶችንና ትሮፖኒንን ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ነጥብ ሰጥቶ ከ10 የሚመዝነው ነው። ከ0 እስከ 3 ያገኘ ሰው አነስተኛ ስጋት ያለበት ተብሎ ብዙ ጊዜ ይሰናበታል። ኢሲጂ ከአምስቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ፤ ወረቀቱ ፍጹም ደህና ሆኖም ሌሎቹ አራቱ ብቻቸውን 8 ነጥብ ሊሞሉ ይችላሉ።

ከሆስፒታል ስወጣ አስፕሪን፣ አብሮት የሚሰጥ ሁለተኛ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ስታቲን የተባለ ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒትና ልብን የሚያሳርፍ መድኃኒት ተጻፈልኝ። ሁለተኛው ደም ማቅጠኛ ብዙ ጊዜ እስከ 12 ወር ይወሰዳል፤ ስቴንት ያለበት ሰው ጥርስ ሊነቀል ሲል ወይም ሆዱን ሲያመው ያለ ልብ ሐኪሙ ፈቃድ ቢያቋርጠው ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የዛሬው ኢሲጂዬ ከዚያ ቀን በፊት እንደነበረው አይደለም፤ ጉዳቱ ትቶት የሄደው ምልክት አለበት። የልብ ሐኪሜ ቅጂውን ቀኑን ጽፈው ሰጥተውኛል፤ አንዱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ፣ ሌላውን ከመድኃኒት ዝርዝሬ ጋር በቦርሳዬ ይዣለሁ፤ ሦስተኛው ልጄ ዘንድ ነው። ዳግም ደረቴን ቢያመኝ የሚያየኝ ተረኛ ሐኪም አዲሱን ወረቀት የሚያወዳድርበት ስላለው፣ የቆየውን ምልክት ከአዲስ ጉዳት ለይቶ ማየት ይችላል።